ልጆቻችንን ለብቻ አታስቀምጧቸው፦ ለከተማችን የትምህርት መምሪያ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት የትምህርት መምሪያ ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለከተማው ምክር ቤት አባላት፣ ለትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን፣ በከተማችን ለሚኖሩ የቤተ እስራኤል ወላጆች በሙሉ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ልጆቻቸውን በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሚያስተምሩ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ወላጆች ስም ነው። የዕብራይስጡ ቅጂ ለመዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆኗል። በአማርኛ ለሕዝብ ያወጣነው ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው እናቶችና አባቶች፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያቶችም ጭምር፣ በስማቸው ምን እንደተባለ ያለ አስተርጓሚ እንዲያነቡት ነው። ስለ ልጆቻችን እስከ ዛሬ የተጻፈው ሁሉ እነርሱ በማያነቡት ቋንቋ ነበርና።

ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ ከመምሪያዎ የወጣው አዲሱ የምዝገባ ክልል ነው። በካርታው መሠረት ሰፈራችንን ለሁለት የሚከፍለው ዋና መንገድ ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ጀምሮ የልጆችም ወሰን ይሆናል። ከመንገዱ ወዲህ ያሉት አሮጌዎቹ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ወደ አንዱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከመንገዱ ወዲያ ያሉት አዳዲስ ሕንፃዎች ወደ ሌላው ተመድበዋል። ከመንገዱ ወዲህ ማን እንደሚኖር መምሪያው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጊዜያዊነት ከሰፈርንባቸው የካራቫን መንደሮች ስንወጣ መንግሥት በሰጠን የቤት መግዣ ብድር ልንገዛ የቻልነው በእንዲህ ያለ ሰፈር ብቻ ስለነበረ፣ ዘመድ ከዘመድ ተጠጋግተን እዚያው ቀርተናል። እስካሁን የሁለቱ ወገን ልጆች በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ተቀላቅለው ይማሩ ነበር። ካርታው እንዳለ ከጸና በእኛ በኩል ያለው ትምህርት ቤት ከጥቂቶች በቀር የኢትዮጵያውያን ልጆች ብቻ የሚውሉበት ይሆናል።

ከካርታው ጋር የተላከው ማብራሪያ ስለ መለየት አንድም ቃል የለበትም። የክፍሉ ተማሪ ቁጥር ይቀንሳል፣ ተጨማሪ የማስተማሪያ ሰዓት ይመደባል፣ ምሳ በትምህርት ቤት ይቀርባል፣ ለማኅበረሰቡ ልጆች ልዩ ድጋፍ ይደረጋል ይላል። ተጨማሪ ሰዓቱንም ምሳውንም አንጠላም፤ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። ግን እርዳታው የሚሰጠን ልጆቻችን ከሌሎች ልጆች ተለይተው እንዲቀመጡ ከተስማማን ብቻ ነው ወይ ብለን በስብሰባ ስንጠይቅ ቀጥተኛ መልስ አላገኘንም። በዚያው ሰሞን በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የነበሩት አገናኝ ሠራተኞች፣ እኛ መገሸር የምንላቸው፣ የሥራ መደባቸው ከሚመጣው በጀት እንደተሠረዘ ሰማን። ድጋፍ ይጨመራል በተባለበት ደብዳቤ ማግስት ከወላጅ ጋር የሚነጋገሩት ሰዎች ተቀነሱ።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይተነዋል። መምሪያው የሠራተኛ ለውጥ ስላለው ላያስታውሰው ይችላል፤ እኛ ግን የኖርንበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚሆን ሕዝባችን ከሱዳን ሲመጣ፣ በእግር መንገዱና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህል ወገን ቀብሮ የመጣ ሕዝብ ነበር። የሕፃናቱ ትምህርት ያለ ምርጫ ወደ ሃይማኖታዊው የመንግሥት ትምህርት ዘርፍ እንዲሆን ተወሰነ። ከፍ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። ለወላጆች የተነገራቸው ልጆቹ ቶሎ እንዲለምዱ፣ ቶሎ እንዲማሩ ነው ተብሎ ነበር። አባቶቻችንም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመስግነው ሸኙ። ልጆቹ ለበዓል ሲመለሱ ከእናታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሳስቶ፣ የቄሶቹን ጸሎት አፍረውበት፣ በአባታቸው ፊት ቆመው አባታቸውን የማያውቁ ሆነው ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል ዛሬ ሐኪም፣ ጠበቃና የጦር መኮንን የሆኑ አሉ፤ እንኮራባቸዋለን። ብዙዎቹ ግን የሙያ ትምህርት ብቻ ወደሚሰጥባቸው ክፍሎች ተመድበው ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት፣ ባግሩት፣ ሳይዙ ወጡ። ያኔም ስሙ ድጋፍ ነበር።

በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወጡም ታሪኩ ብዙ አልተለወጠም። እኔ ከእነዚያ መካከል ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአደባባይ የታወቀ ነው። በ2007 በፔታሕ ቲክቫ በአንድ ትምህርት ቤት አራት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ከሌሎች ተማሪዎች ተለይተው ለብቻቸው በአንድ ክፍል እንደሚማሩ ተጋለጠ። በ2009 በዚያችው ከተማ ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች ልጆቻችንን አንቀበልም ብለው የትምህርት ዘመኑ መክፈቻ በክርክር ታወከ። እዚያው ከተማ ተማሪዎቹ ሁሉ ለማለት ይቻላል የእኛ ልጆች የሆኑበት ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ። እሱን እንዲዘጋ የታገሉት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው። በሰፈራቸው ያለ፣ ቅርብ፣ ክፍሉ አነስተኛ፣ ስብጥሩ ግን ልጆቻቸውን ከሀገሩ ልጆች ያራቀ ትምህርት ቤት እንዲዘጋላቸው ሰልፍ የወጡት ስላበዱ አይደለም። ልጅ በሰባት ዓመቱ ዙሪያውን አይቶ ሀገሩ እሱን የት እንዳስቀመጠው ይገባዋል። ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

እነዚህን ነገሮች የማነሣው ሕጉ ግልጽ ስለሆነም ነው። የ2000ው የተማሪዎች መብት ሕግ ተማሪን በማኅበረሰባዊ መነሻው ወይም በወላጆቹ የኑሮ ደረጃ ምክንያት በምዝገባ፣ በክፍል ምደባና በትምህርት መርሐ ግብር መለየትን ይከለክላል። የመንግሥት ውሳኔ 609 በ2015 የወጣው ለእኛ ማኅበረሰብ የሚሰጠው አገልግሎት ከተለየ ማዕቀፍ ወጥቶ ለሁሉም በሚሰጠው አጠቃላይ አገልግሎት ውስጥ እንዲካተት ነው። በ2015 ወጣቶቻችን አደባባይ ከወጡ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ሥራ አስኪያጅ በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ሪፖርት ተቋማዊ ዘረኝነት መኖሩን አምኗል፤ የትምህርቱን ዘርፍም በስም ጠርቶ። አዲሱ ካርታ ከነዚህ ከሁሉም ጋር ይጋጫል። መምሪያው መንገዱን ወሰን ያደረገው ስለ ደኅንነት ነው፣ ልጆች ትልቅ መንገድ እንዳይሻገሩ ነው ይላል። ይህን መንገድ ልጆቻችን ለስፖርት፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለክሊኒክ በየቀኑ ይሻገሩታል፤ የትራፊክ መብራት አለው፣ ጠዋት ጠዋት ቢጫ ሰደርያ የለበሱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ያሻግራሉ።

ስለ ልዩ ትምህርት ክፍሎች ሰፋ አድርጌ ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ ወላጆች በየቤታቸው በሹክሹክታ የሚያወሩት፣ በስብሰባ ግን ለመናገር የሚያፍሩበት ጉዳይ እሱ ነው።

በእኛ ሕንፃ የሚኖር አንድ ልጅ አለ። በ2021 በጹር እስራኤል ዘመቻ ከጎንደር ከእናቱና ከእህቱ ጋር የመጣ ነው። በመጣ በሁለተኛው ዓመት ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ደረሳቸው። እናትየው ዕብራይስጥ አታነብም። ደብዳቤውን ያነበበችላት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ናት። ልጅቱ ያወቀቻቸውን ቃላት ይዛ፣ ትምህርት ቤቱ ወንድሜን ሊረዳው ነው፣ ፈርሚ ነው የሚለው አለቻት። እናት ፈረመች። የፈረመችው ልጇ በሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲመረመርና ጉዳዩ ለልዩ ትምህርት ወሳኝ ኮሚቴ እንዲቀርብ ነበር። ምርመራው በዕብራይስጥ ተደረገ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቀን እናትየው በጽዳት ሥራ ላይ ነበረች፤ መጥሪያው ደርሷት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። መስከረም ላይ ትንሽ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መጥቶ ልጁን ወደ ሌላ ሰፈር ወደ ልዩ ክፍል መውሰድ ጀመረ። እናትየው ለብዙ ወራት ልጇ ጎበዝ ስለሆነ የተመረጠ መስሏት ነበር።

ይህ ልጅ ጎንደር ሳለ ከክፍሉ ሁለተኛ ይወጣ ነበር። የተማሪ ካርዱን እናቱ እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልላ ከፓስፖርቶቹ ጋር አስቀምጣዋለች፤ አሳይታኛለች። የአካባቢ ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ፣ የክፍል ኃላፊው መምህር ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ማንም ይህን ካርድ አምጪው ብሎ አልጠየቃትም። ልጁ በገዛ ቋንቋው ምን ያህል ያውቃል ብሎ የመረመረ የለም። ዕብራይስጥ ያልጠነከረን ልጅ በዕብራይስጥ ፈትኖ አእምሮው ይከብደዋል ማለት ምን ዓይነት ምርመራ ነው? አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ፣ በሙያው የሠለጠኑ የማኅበረሰባችን ልጆች ዛሬ በሀገሪቱ አሉ። መጥራት ነው የጠፋው።

ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ የእኛም ልጆች መካከል አለ። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚደረገውን እንክብካቤ እናከብራለን፣ በዚያ ሥራ ላይ ያሉትንም አስተማሪዎች። በ2018 የተሻሻለው የልዩ ትምህርት ሕግ ወላጅ ልጁ በምን ዓይነት ማዕቀፍ እንደሚማር የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት በማይገባ ቋንቋ ሲቀርብ፣ በአሥር ዓመት ልጅ አንደበት ሲተረጎም፣ መብት መሆኑ ይቀራል። የአሥር ዓመት ልጅ በወንድሟ ዕድል ላይ አስተርጓሚ መሆኗም ሌላ በደል ነው። አድጋ ነገሩ ሲገባት ምን እንደሚሰማት የሚያስብላት ሰው ማን ነው?

መገሸሮቹ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነበር። በሰፈራችን የነበረችው ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ይዛ ማታ ቤት ለቤት ትሄድ ነበር። ቡና ተፈልቶላት፣ ወላጅ ተረጋግቶ፣ ነገሩን ከሥሩ አስረድታ፣ አትፈርሙ መጀመሪያ ጠይቁ ወይም ይህ ለልጁ ይጠቅማል ፈርሙ ትላለች። ለአስተማሪዎቹም የወላጁን ዝምታ ታስረዳላቸው ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣ አባት በአስተማሪ ፊት አንገቱን ዝቅ አድርጎ እሺ ሲል ማክበሩ ነው፤ ግድ የለውም ማለት አይደለም። ይህን ያልተረዳ አስተማሪ በመዝገቡ ላይ ወላጆች ተባባሪ አይደሉም ብሎ ይጽፋል፣ ያ ጽሑፍ ደግሞ ልጁን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይከተለዋል። የእርሷ ደመወዝ ከትምህርት በጀቱ ውስጥ ምን ያህል ቢሆን ነው መቀነስ ያስፈለገው?

ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስንሄድ ደግሞ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደረጃ ምደባ ይመጣል። ከፍተኛውን ደረጃ፣ አምስት ነጥብ ሒሳብ፣ የሚማር ልጅ ወደ ምሕንድስና፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ በሩ ክፍት ነው። በዝቅተኛው ደረጃ፣ ሦስት ነጥብ ላይ፣ የተቀመጠ ከአብዛኛዎቹ ታግዷል። የኮሚቴያችን አባል የሆኑ አንድ አባት ልጃቸው በሒሳብ ከሰማንያ በላይ እያመጣች ዘጠነኛ ክፍል ላይ ኤትጋር ወደሚባለው ክፍል ተመደበች። ኤትጋር ለደከሙ ተማሪዎች የተከፈተ ክፍል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለምን ሲሉ የተሰጣቸው መልስ፣ ክፍሉ አነስተኛ ስለሆነ ይመቻታል፣ ቤት ውስጥ የሚያግዛት ሰው ስለሌለ እንዳትጨነቅ ብለን ነው የሚል ነበር። እኚህ አባት በኢትዮጵያ አስተማሪ ነበሩ። በጎንደር ገጠር ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት። ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት በር ጠባቂ ናቸው፤ ሻንጣ ይፈትሻሉ። ማታ ማታ ልጃቸውን ቁጭ አድርገው እኩልታ የሚያሠሯት እርሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤቱ የቤቷን ሁኔታ የገመተው በር ላይ የሚቆመውን አባቷን አይቶ ነው ብለን ለማመን ተገደናል፤ ስለ ትምህርታቸው አንድም ጊዜ የጠየቃቸው የለምና። ወላጅ ጮኾ፣ ጠበቃ ጠርቶ ልጅቱ ወደ መደበኛው ክፍል ተመልሳለች። መጮህ የማይችለው ወላጅ ልጅስ?

በስም ጉዳይ አጭር ነገር ልበል። በ1980ዎቹ ልጆቻችን በመቀበያ ማዕከላት የዕብራይስጥ ስም ሲሰጣቸው ማንም ወላጅን አላማከረም፤ ወንድማማቾች የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው የቀሩበት ቤት አለ። ያ ዘመን አልፏል ይባላል። ባለፈው ዓመት ግን በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ሕፃናት በወላጆቻቸው ያልወጣ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል፤ መምህርቷ እንዲቀላት። መምህርቷ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ልጆቹም ይወዷታል። ልጅ ግን በመታወቂያው ላይ ባለው ስም ይጠራ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በዓላችንን ሲግድን በተመለከተ የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደንግጎታል። ከዮም ኪፑር (ከማስተሰረያ ቀን) ሃምሳ ቀን በኋላ፣ በአይሁድ አቆጣጠር በሕሽዋን ወር 29፣ ሕዝባችን ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ወደ ተራራ ወጥቶ፣ ቄሶች ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ሰምቶ፣ ቃል ኪዳኑን አድሶ፣ ወደ ኢየሩሳሌም መመለስን ለምኖ የሚውልበት ዕለት ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ሲግድ የሚከበረው በምን ዓይነት ሁኔታ ነው? ከሳምንት በፊት ለእናቶች መልእክት ይላካል፦ እንጀራ አምጡ፣ ዳቦ አምጡ፣ ቀሚስ አልብሱ። ልጆቹ መድረክ ላይ ወጥተው እስክስታ ይመታሉ፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ዘንድሮ በአንዱ ትምህርት ቤት በእኛ ጥያቄ አንድ ቄስ ተጋብዘው መጥተው ነበር። ጥላቸውን ይዘው፣ መጠምጠሚያቸውን ጠምጥመው፣ በጾም አፋቸው ከጠዋት ጀምሮ በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጭፈራው ረዘመ፣ የምሳ ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎቹም ወጡ። ሽማግሌው ያዘጋጁትን ጸሎት ሳያሰሙ፣ ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ርእሰ መምህሩ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ይቅርታውንም ተቀብለናል። ጉዳዩ ግን የሰዓት እጥረት አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከባህላችን የሚበላውንና የሚጨፈረውን እንጂ የምናምንበትን አልጠየቀንም።

በቀረው ዓመት ደግሞ ስለ እኛ ምንም የለም። ልጆቻችን በታሪክ መጽሐፋቸው የሚያገኙን ከአውሮፕላን ስንወርድ ነው፤ ደካሞች፣ ባዶ እግር፣ የዳኑ። የዳነ ሕዝብ ብቻ ሳይሆን የተማረና ያስተማረም ሕዝብ ነን። ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ወደ አውሮፓ ይዞት የሄደው ታምራት አማኑኤል ተምሮ ተመልሶ በአዲስ አበባ የማኅበረሰቡን ልጆች አስተምሯል። ዮና ቦጋለ ዕድሜውን በሙሉ አስተማሪና የሕዝቡ ተጠሪ ሆኖ በጎንደር መንደሮች ትምህርት ቤቶችን አስተዳድሯል። እስራኤል ከተመሠረተች በሰባት ዓመቷ፣ በ1955፣ አሥራ ሁለት ወጣቶች እስራኤል ወዳለው የክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር መጥተው የተማሩት ተመልሰው በየመንደራቸው ዕብራይስጥ እንዲያስተምሩ ነበር፤ አስተምረዋልም። የሱዳኑን መንገድ የከፈተው ፈረደ አክሉም ራሱ በትግራይ አስተማሪ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ የሚያውቅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በከተማችን ፈልገን አላገኘንም፤ ከእኛ ልጆችም፣ ከሌሎቹም። ይህ ትምህርት ለእኛ ልጆች ብቻ እንዲሰጥ አንጠይቅም። አጠገባቸው የሚቀመጠው የሩሲያዊው፣ የሞሮኳዊው፣ የየመናዊው ልጅም ይማረው። በቅድሚያ ግን አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ ይኑር፤ አዲሱ ካርታ የሚወስድባቸው እሱን ነው።

በሁለቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከማኅበረሰባችን የወጡ ሠራተኞች አሉ፦ ጽዳት ላይ፣ ጥበቃ ላይ፣ የወጥ ቤት ረዳት ሆነው። በክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር ግን የለም። የማስተማር ፈቃድ ይዘው በሌላ ከተማ የሚሠሩ ወይም ሥራ ያላገኙ ወጣቶቻችን እዚሁ ሰፈር ይኖራሉ። ከ160,000 በላይ በሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ከእኛ ልጆች ብዛት አንጻር፣ በከተማችን አስተማሪ የሚሆን ሰው ጠፋ የሚለውን መልስ ደግመን አንቀበልም።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አዲሱ የምዝገባ ክልል ምዝገባው ሳይከፈት በፊት እንዲታገድ፣ በምትኩም ሰፈሩን በመንገዱ ሳይሆን በስብጥሩ የሚከፍል፣ የሁለቱንም ወገን ልጆች በሁለቱም ትምህርት ቤቶች የሚያቀላቅል ክልል ከወላጆች ጋር ተመክሮበት እንዲወጣ። በማብራሪያው የተገባው ተጨማሪ ሰዓት፣ ምሳና የባለሙያ ድጋፍ ልጁ የትም ቢማር ከልጁ ጋር እንዲሄድ።

የመገሸሮቹ የሥራ መደብ በዚሁ በጀት ዓመት እንዲመለስ። እስኪመለስም ድረስ ስለ ምርመራ፣ ስለ ልዩ ትምህርትና ስለ ክፍል ምደባ ለወላጅ የሚላክ ማንኛውም ወረቀት በአማርኛ ወይም በትግርኛ በአዋቂ ሰው አንደበት ሳይብራራ ፊርማ እንዳይቀበል፤ ሕፃናት ለቤተሰባቸው አስተርጓሚ እንዳይደረጉ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ እንዲታዘዝ።

ባለፉት አምስት ዓመታት ወደ ልዩ ትምህርት የተመደቡ የማኅበረሰባችን ልጆች ጉዳይ ቋንቋቸውን በሚያውቅ ባለሙያ እንደገና እንዲታይ፣ ወላጅ በተገኘበት። የማይገባው ልጅ ወደ መደበኛው ክፍል እንዲመለስ፣ የሚገባውም ተገቢውን እንዲያገኝ። ወደ ኤትጋርና ወደ ዝቅተኛ የሒሳብ ደረጃ የሚደረግ ምደባ የልጁን ውጤት ብቻ መሠረት እንዲያደርግ፣ የምደባው ምክንያትም ለወላጅ በጽሑፍ እንዲሰጥ። ይህን የምንለው ለኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ልጅ ነው።

በየትምህርት ቤቱ ሲግድ የጸሎትና የትምህርት ቀን እንዲሆን ከቄሶች ጋር አብሮ እንዲዘጋጅ፣ ለቄሶቹም ጊዜ እንዲመደብላቸው። የቤተ እስራኤል ታሪክ በከተማው ሁሉም ትምህርት ቤቶች በመደበኛ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንዲገባ። ለሚቀጥለው ዓመት በሚወጡ የመምህርነት ክፍት ቦታዎች ማስታወቂያው በማኅበረሰቡ ዘንድ እንዲደርስ፣ ያመለከቱና ያልተቀጠሩ ሰዎችም ምክንያቱ እንዲነገራቸው።

መልስዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ በዕብራይስጥም በአማርኛም እንዲሆን እንለምናለን። ምዝገባው እስኪከፈት ድረስ መልስ ካላገኘን ጉዳዩን በተማሪዎች መብት ሕግ መሠረት ወደሚመለከታቸው አካላት እንወስዳለን፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን በአዲሱ ክልል ላለማስመዝገብ ተስማምተዋል። ለመነጋገር ግን ዛሬም ዝግጁ ነን። በእኛ ሰፈር ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል በመረጡት ምሽት ቢመጡ ወላጆች ይገኛሉ፣ አስተርጓሚም እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰፈሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ወላጆች ኮሚቴ ስም
የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አባት